የመስኮቱ አልጋ ተረኞች

ምጥን አንድ ሽማግሌ ለማጠብ ተሰልፋለች። ከፊቷ የነበረው ልጅ ገብቷል፤ ቀጣይዋ እሷ ናት። በአንድ እጇ ሳፋ፣ በሌላው አረንጓዴ ደብተር ይዛለች። ከኋላዋ ደግሞ ስድስት የክፍሏ ልጆች፣ እነሱም ሳፋና ደብተር ይዘው፣ የአረጋውያን መጦሪያውን ኮሪደር ግድግዳ ተደግፈው ይንጫጫሉ። አንዱ ሳፋውን እንደ ከበሮ ይደልቃል፤ አንዷ በስልኳ ካሜራ ከንፈሯን ታያለች። ኮሪደሩ የረጠበ ብርድ ልብስና የአምስት ዓይነት ሳሙና ሽታ ተደባልቆበት ጉሮሮ ይከረክራል። ለአንድ ሽማግሌ ይህ ሁሉ ሰልፍ ምን አመጣው ቢባል፣ መልሱ ያለው ትምህርት ቤቱ ዘንድ ነው።

ትምህርት ቤቱ የግል ነው፤ የሃይማኖትም ነው። ወላጅ ልጁን እዚያ ካስገባ በኋላ በሰፈሩ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። በበሩ አናት ላይ በነሐስ ፊደል «አእምሮ፣ ልብ፣ እጅ» ተብሎ ተጽፏል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምስክር ወረቀት የሚሰጠውም ሦስቱን ለሞላ ተማሪ ብቻ ነው። አእምሮ የትምህርት ውጤት ነው። እሱም ቢሆን የራሱ መላ አለው፤ ታሪክ ይሁን ባዮሎጂ፣ መልሱ በደብተር እንደተጻፈው ቃል በቃል ካልተመለሰ አይታረምም። ምጥን ዘጠነኛ ክፍል ሳለች «ልብ ደም ትረጫለች» በሚለው ፋንታ «ልብ ደም ትገፋለች» ብላ ጽፋ ዜሮ አግኝታለች። መምህሩን ስትጠይቃቸው፣ «ሐሳቡስ ልክ ነበር፤ ቃሉ ግን የእኛ አይደለም» ነበር ያሏት። ልብ የሚባለው መስፈርት ደግሞ ከቅዱሱ መጽሐፍ ሃያ ምዕራፍ በቃል መወጣት ነው፤ ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ዓይንን ጨፍኖ፣ ሳይተነፍሱ ማለት ይቻላል። እጅ ማለት ስልሳ ሰዓት ችግረኛን ማገልገል ነው።

ጉዱ ያለው እጁ ላይ ነው። በአረንጓዴው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ የሥራው ዓይነትና የሚያስገኘው ሰዓት ታትሟል። ማጠብ፣ ሁለት ሰዓት። ማብላት፣ አንድ ሰዓት። ጥፍር መቁረጥ፣ ግማሽ ሰዓት። መጽሐፍ ማንበብና ማጫወት፣ ሩብ ሰዓት። ይህን ዝርዝር ያወጣው ሰው ማጠብ ከባድ ነው ብሎ አስቦ ይሆናል፤ ተማሪው ግን አንድን ሰው በአሥር ደቂቃ አጥቦ ሁለት ሰዓት ማስመዝገብ እንደሚቻል ገና በመጀመሪያው ሳምንት ደረሰበት። ከዚያ ወዲህ ለሩብ ሰዓት ብሎ መጽሐፍ የሚገልጥ የለም። ሁሉም ሳፋ ያነሣል። የታጠበውን ሰው በአውራ ጣቱ ማስፈረም፣ አንድ ፎቶ ማንሣት፣ አለቀ።

አረጋውያኑም ቶሎ ነቁ። የሴቶቹ ክፍል እርስ በርሱ ተማምሎ፣ ተማሪ በመጣ ቁጥር በሩን ከውስጥ ይቀረቅራል። ከወንዶቹ አንዱ ኩባያ ይወረውራል፤ አንዱ ሳፋ ሲያይ ተሸፋፍኖ ሬሳ ይሆናል፤ የቀሩት ከግቢው ዛፍ ሥር ሄደው ጀርባቸውን ይሰጣሉ። ማምለጥ ያቃተው የመስኮቱ አልጋ ብቻ ነው። እዚያ የተኙት አርባ ዓመት ጸጉር ሲያስተካክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ግራ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም፤ ቀኙም ቢሆን የሚታዘዛቸው ከወገብ በላይ ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ጨዋነታቸው ነው። ሰው ላይ መጮኽ አያውቁበትም።

ምጥን ሃምሳ ስምንት ሰዓት አላት። ሁለት ቀርቷታል፤ አንድ ሰው ማጠብ ማለት ነው። ወደ ኋላ የቀረችው በስንፍና አይደለም። ሾፌር የነበሩት አባቷ ደም ግፊት ጥሏቸው አልጋ ከያዙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጠዋት ጠዋት፣ እናቷ ስፌት መኪናዋ ላይ ከመቀመጧ በፊት፣ ሁለቱ አገላብጠው ያጥቧቸዋል። አንድ ቀን ይህን ለአገልግሎት አስተባባሪዋ መምህርት አንሥታላት ነበር።

«ቲቸር፣ አባቴን የማጥበው አይቆጠርልኝም?»

«ለአባት የሚደረግ ግዴታ ነው፣ የኔ ቆንጆ። አገልግሎት የሚባለው ለማታውቂው ሰው ሲሆን ነው።»

ዛሬ የመጨረሻዋ ቅዳሜ ናት። ደብተሩ ሰኞ ጠዋት ይገባል። የነርሶች ማሠልጠኛው ምጥንን ተቀብሏታል፤ ምስክር ወረቀቷን እስከ ሐሙስ ካላቀረበች ግን ቦታዋ ለተጠባባቂ ይሰጣል። እናቷ ይህን መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባም፣ ሽንኩርት ስትልጥም ትደግምላታለች።

በሩ ተከፈተና «ጠበቃው» የሚሉት ልጅ እጅጌው እስከ ክርኑ ረጥቦ ወጣ። በክርክር የሚረታው ስለሌለ ነው ይህ ስም የወጣለት።

«ስምንት ደቂቃ!» አለ ሳፋውን እንደ ዋንጫ ወደ ላይ አንሥቶ። «ከዚህ በታች የሚያጥብ ካለ ሰኞ ሻይ ቤት ግብዣው በእኔ ነው።»

«ጀርባቸውንም አጥበህ ነው?» አለች አንዷ ከኋላ።

«ጀርባ ደብተሩ ላይ አለ እንዴ? ‹ማጠብ› ነው የሚለው። ሕጉን አንብቢ እንጂ እናቴ!»

ሰልፉ ሳቀ።

«ዛሬ አንተ ስንተኛው አጣቢ ነህ?» አለችው ምጥን።

«እኔ እንጃ፣ ቆጣሪ ነኝ? ጠዋት እነ ረጅሙ አጥበዋል፣ ከዚያ ደግሞ... አቦ ግቢ፣ ውኃው ይቀዘቅዝብሻል! እኔ በሎሚ ነው ያጠብኳቸው፤ አንቺ ጽጌረዳ አድርጊላቸው፣ ይለወጥላቸው።»

ምጥን ሳፋዋን ሞልታ ገባች። ሰውዬው ብርድ ልብሱ እስከ አገጫቸው ተስቦላቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ክፍሉ ፍራፍሬ ቤት ፍራፍሬ ቤት ይሸታል፤ ሎሚ፣ ፖም፣ ኮኮናት። ከሥሩ ግን ያልደረቀ ፍራሽ አለ።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ይመስገነው።» ዓይናቸው ሳፋው ላይ አረፈ፤ ከዚያ ወደ ጣሪያው ተመለሰ። «ግቢ ልጄ፣ ግቢ።»

ብርድ ልብሱን ገለጠች። ሁለት ዓመት አባቷን ያጠበች ልጅ ናትና ቆዳ ማየት ታውቃለች። የሰውዬው ጣቶች ውኃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ ነጥተው ተጨማደዋል። ብብታቸው ሥር ተልጦ ቀይ ሥጋ ይታያል፤ ክርናቸው ላይ ውኃ የቋጠረው ፈንድቶ ከአንሶላው ጋር ተጣብቋል። አንሶላው ራሱ ከሥራቸው ርሷል። ያጠባቸው ሁሉ አጥቦ ሄዷል፤ ያደረቃቸው አልነበረም። ማድረቅ የሚባል ሥራ ደብተሩ ላይ የለማ! የቀኝ አውራ ጣታቸው ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ሐምራዊ ሆኗል፤ ይታጠባል፣ የአሻራ ቀለም ይቀባል፣ ደግሞ ይታጠባል፣ ደግሞ ይቀባል።

ምጥን ሳፋዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ገላ አያስጠላትም፤ ከሰው ገላ የሚወጣውን ሁሉ በእጇ ታውቀዋለች። ያስጠላት ሎሚው ነው። ከተላጠ ሥጋ ላይ የሚነሣው፣ ያ ንጹሕ፣ ያ የተመረቀ የሎሚ ሽታ።

«ዛሬ ስንት ጊዜ ታጠቡ፣ አባባ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ከቁርስ በፊት ሁለት፣ ከቁርስ በኋላ ሁለት መሰለኝ... አሁን የወጣው አምስተኛ ይሆናል። እኔ እኮ አርባ ዓመት የሰው ራስ በእጄ ይዤ ኖሬያለሁ። ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን ሐዘንተኛ ላጭቻለሁ። ወንበሬ ላይ ያረፈ ሰው ‹በቃኝ› ካለ ፎጣውን አራግፌ እሸኘዋለሁ እንጂ የተላጨውን ድጋሚ አልላጭም።»

«ታዲያ ‹በቃኝ› አይሏቸውም?»

«ልጆች ናችሁ። ለትምህርታችን ነው አላችሁኝ። አንቺም ለትምህርትሽ ከሆነ እጠቢኝ። ብቻ ብብቴን ተዪልኝ።»

ይቺ «ብብቴን ተዪልኝ» የምጥንን አንጀት በላችው። ሳፋውን አንሥታ ውኃውን በመስኮቱ ወደ ውጭ ደፋችው። ከዚያ በጓሮው በር ወጥታ አስታማሚዋን ፈለገቻት። አስታማሚዋ ጉልበቷን የሚያማት ወፍራም ሴት ናት፤ ደረቅ አንሶላና ቅባት ይዛ እያነከሰች መጣችና የሰውዬውን ክርን ስታይ ከንፈሯን መጠጠች።

«እትዬ፣ እንዲህ ሲሆኑ እያዩ ለምን አላስቆሟቸውም?» አለች ምጥን።

«እኔን ማን ሰምቶኝ? ሳሙና የሚሰጠን የእናንተው ትምህርት ቤት ነው። ሰጥተውን መልሰው እዚሁ ሰውዬ ላይ ይጨርሱታል!»

ሁለቱ ሆነው አደረቋቸው፣ ቀቧቸው፣ አንሶላውን ቀየሩ። ሰውዬው ደረቁ አንሶላ ሲነካቸው ዓይናቸውን ጨፈኑና «እሰይ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ምጥን ወንበር ስባ በሩ ላይ ተቀመጠች።

«ጨረስሽ?» አለች ቀጣይዋ ተረኛ ሳፋዋን አቅፋ።

«ዛሬ አይታጠቡም።»

«ማለት?»

«ቆዳቸው ተልጧል። አይታጠቡም አልኩሽ።»

«አንቺ አጥበሽ ካበቃሽ በኋላ? ብልጥ!»

«እኔም አላጠብኩም።»

ኮሪደሩ ታመሰ። «እኔ ሁለት ሰዓት ቀርቶኛል!» «እኔ አራት!» «አንቺ ማን ነሽና ነው?» ጠበቃው አልሄደም ነበርና «ይሄ ሕገ ወጥ እገታ ነው!» ብሎ አሳቃቸው። አንዱ ወንበሩን ሊገፋ ሞከረ፤ ምጥን የበሩን መቃን ጨብጣ ቀረች። ይህን ጊዜ አስተባባሪዋ መምህርት ፈገግታዋን ከፊቷ አስቀድማ መጣች።

«ምን ሆናችሁብኝ፣ የኔ ቆንጆዎች?»

ምጥን ወደ ውስጥ አስገባቻትና አሳየቻት። መምህርቷ ብርድ ልብሱን በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ ወዲያው መለሰችው። መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

«ውይ፣ ሲያሳዝኑ!» አለች። ከዚያ ሰዓቷን አየት አደረገች። «እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። ገላቸውን ማንም አይንካ። እግራቸውን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጉና ፎቷችሁን አንሡ፤ እኔ ‹ማጠብ› ብዬ እፈርማለሁ። እናንተም ትጨርሳላችሁ፣ እሳቸውም አይጎዱም።»

ሰልፉ አጨበጨበ። ወንበሩ ተነሣ። አንድ በአንድ ገቡ፤ እግራቸውን ነካ፣ ብልጭ፣ አውራ ጣታቸውን ደብተሩ ላይ ጫን፣ ወጣ። «አባባ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉልን» ሲሏቸው ፈገግ ይላሉ። ስድስት ጊዜ ፈገግ አሉ። ምጥን ከአልጋው ግርጌ ቆማ፣ እያንዳንዱ ሲወጣ ጎንበስ ብላ በጣቶቻቸው መሐል የቀረውን እርጥበት በፎጣ ታደርቃለች። ጥለዋቸው ቢሄዱ ኖሮ ይህን ያህል ባላንገሸገሻት ነበር፤ ፈገግታቸውን በተራ መውሰዳቸው ነው ያንገሸገሻት።

ሁሉም ሲሄዱ መምህርቷ፣ «ነይ አንቺም፣ ጨርሺና እንሂድ፤ እርጥብ ጨርቁ እዚያ አለ» አለቻት።

ምጥን ጨርቁን አላነሣችም። ደብተሯን ገልጣ «የሥራው ዓይነት፦ ማድረቅ። ሰዓት፦ ሁለት» ብላ ጻፈች። ሰውዬው ምን እንደጻፈች ጠየቋት። አነበበችላቸው። አውራ ጣታቸውን ራሳቸው አነሡ።

«በዚህኛው ላይ ደህና አድርጌ ልጫነው» አሉ።

መምህርቷ ገጹን አየችና ብዕሯን ከነክዳኑ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። «ማድረቅ የሚባል የለም፣ የኔ ቆንጆ። ይሄ ከእኔ በላይ ነው። ሰኞ አባ ዘንድ ትቀርቢያለሽ፤ እናትሽንም ይዘሽ ነይ።»

ሰኞ ጠዋት እናትና ልጅ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ ቄስ ናቸውና ሁሉም «አባ» ይላቸዋል። ጠረጴዛቸው መልክ ያሳያል። ከረሜላ የሞላ ብርጭቆ ወደ እናትየዋ ገፋ አደረጉ፤ እናትየዋ አንድ አንሥታ ሳትልጠው በመዳፏ ያዘችው።

«ማድረቅ መልካም ነገር ነው ልጄ» አሉ አባ ደብተሩን እያገላበጡ። «እኔ በግሌ ደስ ብሎኛል። ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ዝርዝሩን ደግሞ እኔ አላወጣሁትም፤ ቦርዱ ነው። ይቺን ቃል ሰርዘሽ ‹ማጠብ› ብለሽ ጻፊ፣ እኔ አሁኑኑ ፈርሜ ምስክር ወረቀትሽን እሰጥሻለሁ።»

«አላጠብኳቸውማ፣ አባ።»

«ማድረቅ እኮ የማጠብ መጨረሻው ነው። ሥራውን ጀምሮ የጨረሰ ሁሉ አጥቧል።»

«የጀመሩት ሌሎች ናቸው። አምስት ጊዜ አጥበዋቸው ብብታቸው...»

«ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ።» መዳፋቸውን አነሡ። «አስተባባሪዋ ነግራኛለች። አስበንበታል። ለከርሞ ሌላ መጦሪያ እንጨምራለን። የተማሪው ቁጥር አድጎ ሽማግሌ አነሰን።»

ይህን ያሉት ወንበር አነሰን እንደሚል ሰው ነው። ምጥን እናቷን ዞር ብላ አየቻት። እናቷ ከረሜላውን እያሻሸች ወለሉን ታያለች።

«ምጥኔ፣ አንድ ቃል ናት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አባትሽን ብቻውን ትቼ ነው የመጣሁት።»

«እማዬ፣ ትናንት የነገርኩሽን...»

«ነግረሽኛል። እህል አልወርድ እስኪለኝ ነግረሽኛል። ግን ንገሪኝ እስቲ፣ አንቺ ነርስ ሳትሆኚ ብትቀሪ የማን ቆዳ ይድናል?»

የአባ ብዕር ጠረጴዛው ላይ ወደ ምጥን ዞሮ ተቀምጧል። አነሣችው። «ማድረቅ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከላዩ «ማጠብ» ብላ ጻፈች። ጽሑፏ ቢበላሽ ኖሮ ትንሽ በቀለላት፤ ግን እንደ ሁልጊዜው ያማረ ሆኖ ወጣ። ከሥሩ የሰውዬው አውራ ጣት፣ ደህና ተደርጎ የተጫነው፣ ለተሰረዘውም ለተጻፈውም እኩል ምስክር ሆኖ ቁጭ አለ።

አባ ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ ጎንበስ ብለው እፍ አሉበት። ትንፋሻቸው ሚንት ይሸታል። ፈረሙ፣ ማኅተሙን መቱ፣ ከመሳቢያቸው ስሟ ቀድሞ የታተመበትን ምስክር ወረቀት አወጡ።

«እግዚአብሔር እጅሽን ይባርከው» አሉ።

ምጥን እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና ቀሚሷ ላይ ጠረገችው።

እናቷ ኮሪደር ላይ ወረቀቱን ሳመችው። «ያዢው እንጂ! ያንቺ አይደለም?»

«አንቺ ያዢው።»

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። አንቺ ያዢው ብቻ።»

እናትየዋ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ሥር ከተተችና ባሏ ትዝ ብሏት ወደ በሩ ፈጠነች። ምጥን ቀስ እያለች ተከተለች። ከደረጃው ሥር የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች አዲስ አረንጓዴ ደብተር ተቀብለው ጠበቃውን ከበውታል። ጠበቃው ጡረታ እንደወጣ ሽማግሌ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

«ስሙ፣ ምሥጢሩን በነፃ ነው የምነግራችሁ» ይላል። «ሌላ አልጋ ጋ ጊዜያችሁን አታባክኑ። የመስኮቱ አልጋ! እሳቸው ወርቅ ናቸው። አይንቀሳቀሱም፣ አይናገሩም። ሠላሳ ሰዓት እዚያ ብቻ ትጨርሳላችሁ።»

አንዲት ባለ መነጽር ልጅ በአዲሱ ደብተሯ ጀርባ «መስኮት» ብላ ጻፈች።

ምጥን ቆመች።

«የመስኮቱ?» አለች። «ማን ነው ወደዚያ የሚልካችሁ? ይናከሳሉ እኮ።»

ልጆቹ ዞሩ።

«ይናከሳሉ?»

«ዝም ብለው፣ ፈገግ ብለው ይጠብቋችኋል። ልክ ብብታቸው ጋ ስትደርሱ ነው። ቅዳሜ እኔን እዚህ ጋ...» ክንዷን ጨበጠች፤ እጅጌዋን ግን አልሰበሰበችም። «ደም በደም ሆንኩ። ሐኪሙ መርፌ ወግቶኝ ነው የመጣሁት። ምራቃቸው ጥሩ አይደለም።»

በአንድ ጠዋት ሁለተኛ ውሸቷ ነው። የመጀመሪያው አሁንም አፏ ውስጥ እንደ ሳሙና ይመራታል፤ ይሄኛው ግን ምንም ጣዕም አልነበረውም።

ባለ መነጽሯ ልጅ ወደ ጠበቃው ዞረች። «እውነቷን ነው?»

ጠበቃው አፉን ከፈተ። ምጥንን አየ። እጅጌዋን አየ። ከዚያ እንደ ምንም ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰውዬው ክስ ላይ ናቸው» አለ። «ለዚህ ነው ብዙ ማውራት ያልፈለግሁት።»

ልጅቱ «መስኮት» የሚለውን ደጋግማ ሰረዘችው፤ ከጎኑ «ይናከሳል» ብላ ከሥሩ አሰመረችበት። የቀሩትም ከእሷ እያዩ ገለበጡ።

«ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?» አለ አንዱ።

«መጽሐፍ አንብቡላቸው» አለች ምጥን። «ከሩቅ ሆናችሁ።»

ባለ መነጽሯ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠችና ዝርዝሩን በጣቷ ወረደችበት። ፊቷ ወዲያው ተኮሳተረ።

«ሩብ ሰዓት ብቻ?»

እናቷ ከበሩ ላይ፣ «ኧረ ልጄ፣ አባትሽ!» ብላ ተጣራች። ምጥን ሄደች።